የእሱ ጠፋ፣ የእኔ ባለበት ቆመ

እኔና ጀጎል ውስጥ ልብስ የሚሰፋው ወዳጄ በአንድ በሽታ ተያዝን፤ የፕሮስቴት ካንሰር፣ ያውም አጥንት ውስጥ የገባ። መርፌውን በየሦስት ወሩ አብረን እየሄድን እንወጋለን። ሲቲ ስካንም የተነሳነው በአንድ ሰሞን ነው። የእሱ ውጤት ቀድሞ ደረሰ። ልጁ ሄዳ ሰማችለትና ጠፍቷል አለችው።

ቀናሁ። እንኳን ደስ አለህ ብዬ ጨብጬው ስወጣ እስከ ፈላና በር ስበግን ሄድኩ። እሱ ጫቱን አልተወ፤ ሻዩንም ስኳር በስኳር አድርጎ ነው የሚጠጣው። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ፣ ጨው እንኳ የቀነስኩ፣ ሐኪም ካለኝ ዝንፍ የማልል፣ ምን በደልኩ? ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የእኔ ቀድሞ ስለነቀዘ አልፈራሁትም።

ለእኔ ውጤት ዶክተሩ ቤተሰብ ይዘው ይምጡ ብሎኝ ነበር። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምይዘው ሰው የለኝምና ብቻዬን ሄድኩ። የፊተኛውንና ያሁኑን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። አጥንቴ ላይ የነበሩት ነጫጭ ነጥቦች እዚያው ናቸው፤ አላደጉም፣ አዲስም አልተጨመረም። ለውጥ የለም አለኝ። ፊቴ ሲጠቁር አይቶ፣ እዚህ የደረሰ በሽታ ባለበት ከቆመ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ይህ ደግ ወሬ ነው ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ገባኝ። የወዳጄ ግን እኮ ጠፍቷል አልኩት። የሌላ ሰው ውጤት ላወራልዎት አልችልም አለኝ።

እንግዲያው የእሱን ስካን በዓይኔ ካላየሁ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ልጁ ናት። የመጣሁበትን ስነግራት ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችኝ።

«ጋሼ፣ አልጠፋም። ጉበታቸው ውስጥ ገብቷል። አባባ አያውቁም፤ እባክዎን እንዳይነግሯቸው።»

ልጆቹ ተመካክረው ነው የደበቁት። በእኛም ልማዱ ይኸው ነው፤ ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፣ ልቡ የጠና ዘመድ ይሰማዋል። ልጅቷን እሺ ብያት ገባሁ።

መደቡ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ቢጫ ብሏል። በቅናት ስንጨረጨር ለካ ፊቱን በደንብ አላየሁትም። የአንተስ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለውጥ የለም አልኩት። አዘነልኝና እጄን ያዘ።

«አብሽር። እኔን ያዳነ አላህ አንተንም ያድንሃል። ዱዓ አደርግልሃለሁ።»

ልጁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሜን አልኩት።

ያን ጊዜም ቀናሁበት። የእኔ ውጤት ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠፍቷል ብሎ የሚዋሸኝ ሰው አልነበረም።