የበሬዎቹ ለማሳ፣ የላሞቹ ለምድጃ

ባለፈው ሰሞን በአንበሳሜ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ የኩበት ጭስ በአውቶቡሱ መስኮት ገባና፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው መስኮቱን ሊዘጉ ሲነሡ «ይተዉት፣ ይተዉት» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ለእሳቸው ጭስ ነው፤ ለኔ ግን እናትና አባቴ በየዓመቱ የሚጣሉበት ጉዳይ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጉናን ፊት ለፊት እያየ የተሠራ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የኮረብታው ባሕር ዛፍ የገበሬ ማኅበሩ ስለነበር ቅጠሉ እንኳ የሚጠረገው በፈቃድ ነበር፤ ላምባውም ከኩራዝ አያልፍም፣ ስለዚህ ምድጃችን የሚነደው በኩበት ነበር። እናቴ እበቱን ጠፍጥፋ፣ አድርቃ፣ ጓሮ ከምራ ክረምቱን ልታሳልፍበት ትፈልጋለች፤ አባቴ ደግሞ ያንኑ እበት ፍግ አድርጎ ድንች ማሳው ላይ ሊበትነው ይፈልጋል። «መሬቴን እያነደድሽብኝ ነው!» ይላል እሱ። «ድንቹን ታዲያ ጥሬውን ሊበሉት ነው?» ትላለች እሷ።

ነገሩ ሲከርር የንስሐ አባታችን መጥተው አስታረቋቸው፤ የበሬዎቹ እበት ለማሳ፣ የላሞቹ ለምድጃ ይሁን ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ጋጣ ገብቼ፣ የሁለቱን በሬዎች እበት ወደ አባቴ የፍግ ጉድጓድ፣ የሁለቱን ላሞች ወደ እናቴ መጠፍጠፊያ በቅርጫት ማድረስ የኔ ሥራ ሆነ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዳኛ የሆንኩ ያህል እኮራ ነበር።

በጥር እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን ክምሩን በዓይኗ ለክታ፣ ለጎረቤታችን «የምወልደው ሐምሌ ላይ ነው፤ ይኸ ደግሞ ለአራስ ቤት የሚበቃ አይመስለኝም» ስትላት ሰማሁ። የሐምሌን ብርድ አውቀዋለሁና እናቴ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ከማግስቱ ጀምሮም በየማለዳው ከበሬዎቹ እበት አንድ ቅርጫት እየሰረቅኩ ለእናቴ ማድረስ ያዝኩ።

ግንቦት ላይ አባቴ ፍጉን ሲበትን፣ አጥሩ ሥር ያሉት ሁለት ትልሞች ሳይደርሳቸው አለቀበት። «ዘንድሮ እነዚህን በሬዎች ምን ነካቸው? እየበሉ አይጥሉም እንዴ!» አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ድንች እተክል ነበር።

ሐምሌ ዝናቡን ይዞ ገባ፤ ወንድሜም ተወለደ። ጎረቤቶቻችን ገንፎ እያገነፉ፣ እናቴ ፊቷ ወዝቶ፣ ምድጃው አንድ ቀን እንኳ ሳይጠፋ ክረምቱ አለፈ። እሷ በክምሩ በረከት ስትገረም እኔ ደስታዬን መደበቂያ አጣ ነበር።

በመስከረም ድንቹን ስንቆፍር ግን የአጥሩ ሥር ድንች ባቄላ አክሎ ወጣ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ አንዱን በመዳፉ ሲያገላብጥ አላስችል አለኝና ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኩት። ልጅ ታቅፋ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን እናቴን ቀና ብሎ አያት።

«ኩበቱ ለአራስ ቤት በቃ?»

«በቃ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? በይ ልቀሚ።»

ለእናቴ ሳይነግራት ኖረ። ከሞተ ቆይቷል፤ ያ የሐምሌ ልጅ፣ ወንድሜ፣ አሁን ከጋጣው ጀርባ የባዮጋዝ ጉድጓድ ሠርቷል። ያኔ ምድጃው እንዲሞቅ ማሳው መጉደል ነበረበት፤ ዛሬ የዚያው እበት ጋዝ መጀመሪያ በቧንቧ ወጥ ቤት ገብቶ ይነድዳል፣ ከዚያ ዝቃጩ ወጥቶ ለድንቹ ፍግ ይሆናል። ያን ቀን ከአውቶቡሱ ወርጄ ቤት ስደርስ ወንድሜ ምድጃውን ለኩሶ አሳየኝ። እናቴ ሰማያዊውን ነበልባል ጎንበስ ብላ አየችና፣

«አባታችሁ ይኸን ቢያዩ ኑሮ ከኔ ጋር በምን ይጣሉ ነበር?» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሲያልቅ ግን «ጠቡም ይናፍቃል ለካ» አለች።