የእትዬ ሮማንወርቅ ሽልማት

እትዬ ሮማንወርቅ በደርግ ጊዜ ተሰደው ለንደን ከገቡ ወዲህ ፀጉራቸው የሸበተው ካምደን ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። አርችዌይ አካባቢ የምንኖር አበሾች ግን የምናውቃቸው በእድሩ ነው። መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ተሰብስበን በሩን እናንኳኳለን። እትዬ ከፊት ይሆኑና መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ እውነቱ ይሄዳሉ። እንደ እሳቸው የሚችልበት የለም።

ታናሽ ወንድማቸው ዘማርያም ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ነው ያለው። ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ከእሱ ሌላ ዘመድ የላቸውም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጡትም ለዚህ ነው። እሱን ለማስታመም ሲመላለሱ የእኛን እድር ከቱሪን አበሾች እድር ጋር አዛመዱት። እዚህ ሰው ሲሞትብን፣ እዚያ ያለውን ዘመዱን የቱሪኖቹ አጽናንተው፣ አሳፍረው ይልኩታል። እኛም ለእነሱ እንደዚያው እናደርጋለን። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ለካ ይህ ፕሮጀክት ይባላል! የቱሪኖቹ ሳይነግሩን ለውድድር አስመዝግበውን ኖሯል፤ የአውሮፓን ሕዝቦች ለሚያቀራርቡ የየአካባቢው ሥራዎች የሚሰጥ ሽልማት አሸነፍን። ዜናውን ሊቀመንበራችን ተክለአብ ሲነግረን ሁላችንም ግራ ገባን። እንግሊዝ ከአውሮፓ ወጥታ የለም እንዴ? ደግሞስ ሰው በመቅበር ይሸለማል? ከእድርተኞቹ አንዷ ጽጌ «እንኳን ደስ አላችሁ ሲሉን ምን ብለን ልንመልስ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እትዬን ሰርፕራይዝ እናድርጋቸው» አለ ተክለአብ። «ሺፍት ሳይገቡ ጠዋት በራቸው ላይ እንገኝ። ፎቶ ስለምንነሳ ሁላችሁም ጥቁር ሱፍ ልበሱ።»

እንዲህ ያለ ሐሳብ ከተክለአብ ራስ ብቻ ነው የሚወጣው።

ጎህ ሲቀድ ሄደን አንኳኳን። እትዬ በሩን ከፈቱ። ጥቁር ለብሰን ኮሪደሩን ሞልተነዋል። ፊታችንን አንድ በአንድ አዩና ቦርሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ዘማርያም!»

«ኧረ እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ!» አለ ተክለአብ። «አዋርድ ነው፤ አሸንፈናል!»

«እኔን ነው የምታታልለኝ? ይህን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?» ብለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

የምንናገረው ሁሉ ነገሩን አባሰው። ሽልማት ባልን ቁጥር እሳቸው ማዘናጊያ ይመስላቸዋል። «ድምፁን አሰሙኝ!» ብለው ጮኹ። ተክለአብ ደወለ፤ አያነሳም። እኔ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሁሉም በየስልኩ ሞከረ። ይሄኔ ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። የምሥራች ልንናገር መምጣታችንን እያወቅኩ፣ የእሷን እንባ ሳይ እኔም አለቀስኩ። ማን ማንን ሊያረዳ እንደመጣ ጠፋብኝ። ተክለአብ ጭራሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እውነት አንድ ነገር ሆኖ ይሆን እንዴ?» አለኝ።

የእትዬ ስልክ ጮኸ። ተክለአብ ከወደቀው ቦርሳቸው አውጥቶ ስፒከር ላይ አደረገላቸው።

«እታለም» አለ ዘማርያም። ድምፁ ፈርቷል። «ማሽኑን ሲገጥሙልኝ ነበር። ስልኬን ሳይ የለንደን እድርተኛ ሁሉ ደውሎልኛል። ማን ነው የሞተው? አትደብቂኝ፤ ተቀምጫለሁ።»

እትዬ ሮማንወርቅ ስልኩን ከተክለአብ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንተ ነበርክ» አሉት። «ዝም እንዳትል። አውራኝ።»