ለአሰበች የተጣለ ዳስ

አሰበች ባትኖር ኖሮ ሽንፋ ወንዝ ዳር ከሰሊጥ በቀር ምንም አይበቅልም ነበር። ጎረቤቷ ነኝና አውቃለሁ። እዚህ ቆላ «ለሰሊጥ ተብሎ ዛፍ አይመንጠር» ብሎ አደባባይ የወጣ ሰው ከእሷ በፊት አላየንም። እኛማ «አሰበችን ዛፍ ሊጦራት ነው» እያልን ሳቅንባት።

ባየልኝ የሚባለው ባለትራክተር የወንዙን ዳር ሊያርስ የመጣ ዕለት፣ ነጠላዋን አንጥፋ ጎማው ፊት ተኛች።

«በእኔ ላይ እለፍና እረሰው!» አለችው።

ሰድቦ ሰድቦ ሲደክመው ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ እሷ በተራቆተው ዳር ዋንዛና ሮቃ ተከለች። በጋ በጋውን በጀሪካን እየቀዳች አጠጣቻቸው። ሲያድጉ፣ በዚያ በሚያዝያ ሙቀት፣ ያ የሳቀባት ሰው ሁሉ የሚጠለለው እዚያ ሆነ። ለአረም የመጡ የቀን ሠራተኞች ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ። ባየልኝም ትራክተሩን እዚያ ያቆም ጀመር፤ ውሎ አድሮ ከገዛ ልጇ ይልቅ የሚታዘዛት እሱ ሆነ።

አምና በጥቅምት ወባ ጣላት። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት ልናደርሳት አልቻልንም። አንድ ልጇ የዓለምወርቅም ከጎንደር ስትመጣ ሸሕዲ ከተማ ላይ ታግታ ቀረች። አሰበች ልጇን እንደጠራች አረፈች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔና ሴቶቹ ቤት ውስጥ ስንገንዛት የመጥረቢያ ድምፅ እሰማለሁ፤ ማገዶ መስሎኛል። ከቀብር ስንመለስ ዳሱ ተጥሎ ጠበቀን። ሰፊ ነው፤ እንዲያ ያለ ዳስ ለባለጸጋም ተጥሎ አያውቅ። ቀና ብዬ ሳይ ቅጠሉን አወቅሁት። ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ዋንዛዎቹ ጉቶ ሆነዋል፤ ሮቃዎቹም ቅርንጫፍ አልቀረላቸው።

ተመልሼ ዳሱን በጣለው በባየልኝ ላይ ጮኽኩበት። «ምን ነካህ አንተ ሰው? ምነው እጅህን በቆረጠው!»

ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ለእሷ ያልሆነ ዛፍ ለማን ሊሆን ነው?» አለኝ። «የአሰበች ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ?»

ከልቡ ነው። ወዷት ነው የቆረጠው።

የዓለምወርቅ በማግስቱ ደረሰች። ደረት እየመታች መጥታ ዳሱ ደጃፍ ላይ ቀጥ አለች። ምሰሶውን በእጇ ዳሰሰችው፤ ልጡ ገና እርጥብ ነበር።

«ጋሼ ባየልኝ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እማዬ እኮ ለፋሲካ ስመጣ ነግራኝ ነበር። ‹ስሞት ዳስ እንዳትጥሉ፤ ለቅሶዬን ዛፎቼ ስር ተቀመጡ› ብላኝ ነበር።»

ባየልኝ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ተነሥተን እንዳንወጣ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ወንዙ ዳርም መጠለያ የለም። እዚያው ተቀመጥን። ለቅሶው ሳያልቅ ቅጠሉ ደርቆ ራሳችን ላይ ይረግፍ ጀመር።