የጀልበኞቹ ደጋፊና የኮርማዎቹ ወርዋሪ

ፑኤርቶ ላውሬል ውስጥ ኤስሜልዳ ኡርቴቾን የማያውቅ ሰው ቢገኝ ዛሬ ከጀልባ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። እሱም ቢሆን ገና ሳይወርድ ድምጿን ሰምቷል። ዶኛ ኤስሜልዳ፣ በአገሩ ወይዘሮ ለማለት ዶኛ ይባላል፣ በሐይቁ ወደብ የጀልባ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጀልባ ሊነሳ ሲል በመስኮቷ ብቅ ትልና የደሴቶቹን ስም እየጠራች ተሳፋሪ ትሰበስባለች። አንድ ጊዜ የድምፅ ማጉያ ተገዝቶላት ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠችው።

እሁድ እሁድ ያ ድምፅ ወደ ቤዝቦል ሜዳ ይዛወራል። የከተማው ቡድን ስሙ ጀልበኞቹ ነው። ዶኛ ኤስሜልዳ ሯጮች ከሚረግጡት ከሦስተኛው ማዕዘን፣ ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ባሏ ዶን ፉልሄንሲዮ መረብ ጠጋኝ ነው፤ አብሯት ይመጣል፣ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል። እሷ ግን ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው አፏ አይዘጋም። አንዴ ዳኛ ተሳስቶባት፣ «መነጽርህን ጀልባ ላይ ጥለኸዋል፤ ነገ ቢሮ መጥተህ ውሰድ» ብትለው ሰውየው ራሱ እየሳቀ ጨዋታ አቁሟል።

ደጋፊነቷ የተድላ አልነበረም። ጀልበኞቹ ዋንጫ ካነሱ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። አንድ ዓመት አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ለግማሽ ፍጻሜ ሳይደርሱ ቀርተው ተሸናፊ ተባሉ። በሌላ ዓመት ደግሞ አሥራ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። በአሥራ አራተኛው ጨዋታ ሜዳው ላይ የቀረው ተመልካች አሥራ ዘጠኝ ነበር። ጓደኛዋ ዶኛ ቶማሳ፣ ዓሣ ነጋዴዋ፣ «እኛ ምን ነክቶን ነው የምንመጣው?» አለቻት። ዶኛ ኤስሜልዳ እግሯን ፊት ለፊት ባለው ባዶ ወንበር ላይ ዘረጋችና፣ «ሲያሸንፉ ማን ቦታ ይሰጠናል ብለሽ ነው? አሁን ነው የሚመቸው» አለች። ይህን ያለችው ለማጽናናት አልነበረም። ቡድኗ አንድ ቀን እንደሚያሸንፍ፣ ነገ ጀልባ እንደሚመጣ ያህል ታምናለች።

አንድ ልጅ አላት፤ ያዴር ይባላል። ያዴር ውርወራ የተማረው ከቤታቸው ጓሮ፣ ከእናቱ ነው። እሱ ይወረውራል፣ እሷ በአሮጌ የቆዳ ጓንት ትቀበላለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ። መዳፏ አብጦ ትኬት መቁረጥ ያቃታት ጊዜ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ለጀልበኞቹ ተፈተነ። አሰልጣኙ ኦክታቪዮ ባልቶዳኖ ሦስት ውርወራ ብቻ አይቶ፣ «ልጁ አጭር ነው፤ ሌላ ሥራ ይፈልግ» አለ። ዶኛ ኤስሜልዳ ተቆጣች፣ አለቀሰችም። በቀጣዩ እሁድ ሜዳ አልሄደችም። በሚቀጥለው ግን ሄደች።

ያዴር ሌላ ሥራ አገኘ። ከሐይቁ ራቅ ብሎ በከብት እርባታዋ ከተማ በሳንታ ሪታ አይብ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ የዚያው አገር ልጅ አገባ፤ እዚያው ቀረ። የሳንታ ሪታ ቡድን ኮርማዎቹ ይባላል፤ የጀልበኞቹ ዋና ባላጋራ ነው። ኮርማዎቹ አጭር ነው ረጅም ነው ሳይሉ አስገቡት። በሃያ ስድስት ዓመቱ የሊጉ አስፈሪ ወርዋሪ ሆነ።

የሁለቱ ቡድኖች ጨዋታ ሲሆን ያዴር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቀን ይወረውር ስለነበር እናትና ልጅ ፊት ለፊት ሳይገናኙ ሦስት ዓመት አለፈ። በአራተኛው ዓመት ግን ጀልበኞቹ ከየት መጡ ሳይባሉ ለፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው ኮርማዎቹ ሆኑ። ፍጻሜው ሦስት ጨዋታ ነው። አንዱን እነዚያ፣ አንዱን እነዚህ ወሰዱ። ሦስተኛው እሁድ በፑኤርቶ ላውሬል እንዲሆን ተቆረጠ፤ ያዴር እንደሚወረውርም ተሰማ።

ዓርብ ጠዋት ኦክታቪዮ የትኬት መስኮቷ ላይ መጣ። አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ አብሮ አደጎች ናቸው።

«ወዴት ነህ?» አለችው፣ ትኬት የሚቆርጥ መስሏት።

«የትም አይደለሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።» ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ የምትታጠፈው ኳሱ ናት የምትገድለን። ልትመታ ስትል ታመልጣለች። ሊወረውራት ሲል አንድ ምልክት ያሳይ ይሆናል፤ መቺዎቼ ቀድመው ካወቁ ይጠብቋታል። ማንም ሳያውቀው የሚያደርገው ነገር አይጠፋም። አንቺ ደግሞ ለዓመታት ተቀብለሽዋል።»

ዶኛ ኤስሜልዳ የትኬቱን ጥራዝ አስተካከለች። ምልክቱን ታውቀዋለች። ያዴር ያቺን ኳስ ሊወረውር ሲል አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረግ ያደርጋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እያለ የጀመረው ነው፤ ራሱም አያውቀውም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ ኤስሜልዳ» አለ ኦክታቪዮ። «ከአንቺ በላይ ይህን ዋንጫ የሚፈልግ አለ?»

«የለም» አለች። «ልጁን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ቆመህ አይተኸው ነበር። ያኔ ደህና አድርገህ ብታየው ዛሬ እኔን አትጠይቅም ነበር። ሂድና ልጆችህን አሰልጥን። እሁድ እኔ የማውቀውን እሠራለሁ፤ እጮሃለሁ።»

ኦክታቪዮ ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ። እሷም የአራት ሰዓቱን ጀልባ ጠራች።

እሁድ ሜዳው ጢም አለ። ጥሩምባ ነፊዎቹ በአንድ ወገን፣ ቪጎሮን የሚባለውን ምግብ ሻጮች የተቀቀለ ካሳቫና የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ በሙዝ ቅጠል ይዘው በሌላ ወገን ይተራመሳሉ። ዶኛ ኤስሜልዳ የጀልበኞቹን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ያዴር ወደ መወርወሪያው ጉብታ ሲወጣ ሜዳው ያየው እሱን አልነበረም፤ እሷን ነበር።

የመጀመሪያውን መቺ በሦስት ውርወራ ሦስቴ አስቶ አስወጣው። እሷ ዝም አለች። ሁለተኛውንም አስወጣው። አሁንም ዝም። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ዛሬ ጀልባ የለም መሰለኝ» አለ፤ ሰዎች ሳቁ። የእሷ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ልጇ ከስቷል። ካልሲው አንዱ ወርዷል። ሦስተኛው መቺ ዱላውን ይዞ ሲቆም ብድግ አለች።

«አንተ ያዴር፣» አለች በዚያ በወደብ ድምጿ፣ «እንቅልፍ አልጠገብክም መሰለኝ፤ እቤት አልጋህ እንደተነጠፈ ነው፣ ሂድና ተኛበት።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የያዴር ጆሮ ሲቀላ ከሦስተኛው ረድፍ ይታይ ነበር። ዶን ፉልሄንሲዮ ባርኔጣውን አነሳ፣ «ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ፤ በዚያን ቀን ተመልሶ አልተኛም።

ከዚያ በኋላ አላቆመችም። በአምስተኛው ዙር ጀልበኞቹ አንድ ነጥብ አገቡ፤ ከተማው አደባባይ ላይ የቆሙት የጋሪ ፈረሶች እስኪደነግጡ ተጮኸ። በስምንተኛው ኮርማዎቹ ሁለት መልሰው አገቡ። ሁለት ለአንድ ሆኖ ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ደረሰ።

ጀልበኞቹ ሁለት መቺ ወጣባቸው፤ ሦስተኛው ከወጣ ጨዋታው ያልቃል። ነገር ግን ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ቆመዋል፤ አንድ ደህና ምት ሁለቱንም ያስገባል፣ ዋንጫውም ይመጣል። መቺው ኖርቪን ነበር፣ የዶኛ ቶማሳ የወንድም ልጅ። ሁለት ጊዜ ሳተ። አንድ ጊዜ ከሳተ አለቀ። ሕዝቡ ሁሉ ቆመ።

ያዴር ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ዶኛ ኤስሜልዳ አየችው። ዶኛ ቶማሳም የጓደኛዋን ፊት አየች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያ ድምፅ ደግሞ ኖርቪን ጆሮ መድረስ አያቅተውም። «ምታው፣ ኖርቪን» ብላ ጮኸች። «ምታው የእኔ ልጅ።» ሌላ ነገር አልወጣትም። ኳሷ ቀጥ ብላ መጣችና ልትደርስ ስትል ታጠፈች። የኖርቪን ዱላ አየር መታ።

ኮርማዎቹ ያዴርን ትከሻቸው ላይ ተሸከሙት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዶኛ ቶማሳ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«አውቀሽ ነበር፤ ፊትሽ ላይ አየሁት።»

«አውቄ ነበር» አለች ዶኛ ኤስሜልዳ።

«እና ዝም አልሽ?»

«ጮህኩ እንጂ። አልሰማሽም?»

ዶኛ ቶማሳ የተቀመጠችበትን ትራስ አንስታ ሳትሰናበታት ወረደች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወደቡ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት የትኬት ቢሮው በር ላይ በኖራ የኮርማ ራስ ተሥሎ ጠበቃት። ዓሣ ሻጮቹ ሰላምታ ነፈጓት። አንዱ ተሳፋሪ ትኬቱን ሲቀበል፣ «ወደ ሳንታ ሪታም ትሸጫለሽ?» አላት። «እዚያ ውኃ የለም» አለችው፤ «አንተ ግን በእግርህ መሄድ ትችላለህ።» እንዲህ እየመለሰች ዋለች። ቤት ስትገባ ግን ምሳዋን ሳትነካ ተቀመጠች። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራቸው ስትጮህ የኖረች፣ በአንድ ኳስ እንዴት ባዕድ ትሆናለች? ዶን ፉልሄንሲዮ መረቡን እየጠገነ፣ «ተሳሳትኩ ብለሽ ታስቢያለሽ?» አላት። ትንሽ አሰበችና፣ «አይ» አለች። «እንግዲያው ብዪ» አላት። በላች።

በጥር የደጋፊዎች ስብሰባ ተጠራ። ዶኛ ኤስሜልዳ እንደ ሁልጊዜው ከፊት ተቀመጠች። አንዱ ተነስቶ፣ የባላጋራ ቤተሰብ ያለው ሰው በማኅበሩ ውስጥ መቆየቱ ይታሰብበት ሲል ስሟን ሳይጠራ ተናገረ። እሷ ልትነሳ ስትል ኦክታቪዮ ቀደማት።

«እሷ ተጠይቃ ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እኔ ነኝ የጠየቅኋት። ልጇን እንድትሸጥልኝ ሄድኩ። እምቢ አለችኝ፤ ልክ ነበረች። ያንን ልጅ ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ ያላሸነፍኩትም እኔ ነኝ። ሰው ማባረር ከፈለጋችሁ ከእኔ ጀምሩ።»

ዶኛ ቶማሳ ከኋላ፣ «እሷን ብናባርር ዳኛውን ማን ይሰድብልናል?» አለች። ሳቅ ሆነ፤ ጉዳዩ በዚያው ሞተ። ሁለቱ ሴቶች ያን ቀን አብረው ወደ ቤት ሄዱ፤ መንገድ ላይ ግን ስለ ዓሣ ዋጋ እንጂ ስለ ኳስ አላወሩም።

በዚያ ዓመት ጀልበኞቹ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጡ። ዶኛ ኤስሜልዳ አንድም ጨዋታ አላመለጣትም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፣ እንደገናም ከኮርማዎቹ ጋር። ኖርቪን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንታ ሪታ ድረስ በአውቶቡስ እየሄደ፣ ከአጥሩ ጀርባ ቆሞ ያዴር ሲወረውር ሲያይ ከርሞ ነበር። ማንም ምንም አልነገረውም። በሰባተኛው ዙር ያዴር ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ኖርቪን ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፤ የታጠፈችውን ኳስ ጠበቃት፤ መታት። ኳሷ ከአጥሩ አልፋ፣ ከማንጎዎቹም በላይ አልፋ ጠፋች፤ ዋንጫውም በዚያው ለጀልበኞቹ ሆነ።

ዶኛ ኤስሜልዳ በዚያን ጊዜ ምን ብላ እንደጮኸች እሷም አታስታውስም። ድምጿ ለሦስት ቀን ተዘጋ፤ ጀልባ የጠራላት ዶን ፉልሄንሲዮ ነው፤ ማንም ስላልሰማው ሁለት ሰው ጀልባ አመለጠው።

ያዴር ማታውን ሳይመለስ እናቱ ቤት አደረ። እራት ላይ ሩዙን በሹካ እያገላበጠ፣ «እማዬ፣ እንዴት ነው ያወቀው?» አላት።

በተዘጋ ድምጿ፣ «አውራ ጣትህን እይ» አለችው።

አውራ ጣቱን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «መቼም አልነገርሽኝም።»

«ለእነሱም አልነገርኩ። አሁን ሁላችሁም አወቃችሁ፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ነገር ፈልጉ።» ከድስቱ ጨመረችለት። «ብላ። ከስተሃል።»

አሁን ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ያዴር አውራ ጣቱን መጥረግ ትቷል፤ ጀልበኞቹ ዘንድሮ ከአምስት ጨዋታ አራቱን ተሸንፈዋል። እሁድ ጨዋታ አለ፤ እሷም ዋንጫው የእነሱ መሆኑን ከወዲሁ ለተሳፋሪው ሁሉ እየተናገረች ነው።