የተዋስነው ጥላ

አሰብ ውስጥ ሦስተኛ ክፍልን ማስተማር ከፀሐይ ጋር መሽቀዳደም ነበር። ላስረዳ። ትምህርት ቤታችን ያሉት ክፍሎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ እነሱንም አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ይዘዋቸዋል። የኔ ሦስተኛ ክፍል ግቢው ውስጥ በተሠራ የዘንባባ ዳስ ሥር ይማር ነበር። አንድ ቀን የባሕር ነፋስ ዳሱን አነሣና ይዞት ወደ በረሃው ሄደ። ተማሪዎቼ እያጨበጨቡ ሸኙት። ከዚያ ወዲህ በማለዳ አማርኛ እናነባለን፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ልጆቹን ወደየቤታቸው እሰዳለሁ። ሒሳብ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ክፍሌ በሙሉ ማካፈል ሳይማር ዓመቱ ሊያልቅ ነው። "ታዲያ ሒሳቡን ለምን አላስቀደምክም?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። መርሐ ግብሩን በቀይ ቀለም ጽፌ ለጥፌው ነበር። በቀይ የተጻፈ ነገር እንዴት ይለወጣል?

ተስፋ የመጣው ዲሬክተራችን አንድ ማስታወቂያ ባነበቡልን ቀን ነው። ለተቸገሩ ትምህርት ቤቶች የማሻሻያ ድጎማ ተገኝቷል፤ ለሁሉም ስለማይበቃ ግን ትምህርት ቤቶች ይወዳደራሉ። አሸናፊው ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፤ በጣም ደካማ መሆንና ለመሻሻል በጣም ዝግጁ መሆን። ይህንንም በአውሮፕላን መጥቶ በዓይኑ የሚያይ ተቆጣጣሪ ይላካል።

"ድክመቱስ በእጃችን ነው፤" አሉ ዲሬክተሩ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። "ዝግጁነቱን ከየት እናመጣለን?"

"ተወዳዳሪያችን ማነው?" አልኩ።

"ዒድ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ነው። መስኮት እንኳ የለውም አሉ።" በቅናት ተነፈሱ። "መስኮት የላቸውም! ታድለው!"

እኔ ወዲያው ዕቅድ አወጣሁ። እንግዳው በበሩ ሲገባ መጀመሪያ ዳሱ የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያል፤ ይኸ ድክመት ነው። ቀጥሎ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው በትጋት ሲያነቡ ያያል፤ ይኸ ዝግጁነት ነው። አንዳች ነገር አይነካም፣ አንዳች ነገር አይሸፈንም። ይህንኑ ለወላጆች ለማስረዳት ስብሰባ ጠራሁ።

"እንግዳው የሚመጣው ችግራችንን ሊያይ ነው፤" አልኳቸው።

ወላጆች እርስ በርስ ተያዩ። የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ፣ ልጇ እኔ ዘንድ ይማራል፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሣች።

"ስማ መምህር፣ እናትህ ቤት እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን ምንጣፍ ፈልገው ነው የሚያነጥፉለት?"

"አይደለም፤ ግን ይኸ እንግዳ ሌላ ዓይነት ነው።"

"እንግዳ ሁለት ዓይነት አለው እንዴ?" አለ አንድ ሾፌር ከኋላ። የዚህም ልጅ ተማሪዬ ናት። "ወይ የመጣ ነው፣ ወይ ያልመጣ ነው።"

እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁ። በሦስተኛው ላይ ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ "ገብቶናል" አሉ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ ግቢውን ስቼ ሌላ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ባዶው ቦታ ላይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በላያቸው የሾፌሩ መኪና የጭነት ሸራ እንደ ሠርግ ድንኳን ተወጥሯል። ከሥሩ የምግብ ቤቱ ወንበሮች በሙሉ ተደርድረዋል። ከወላጆቹ አንዱ የሆነ የሱቅ ነጋዴ ምንጣፉን አንጥፏል። ጠረጴዛ ላይ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተቀምጧል፤ ትምህርት ቤቱ ግን መብራት የለውም። ከከተማው ውጭ ከደባይሲማ በኩል የመጣ አንድ የአፋር አባት ደግሞ ለእንግዳው ስጦታ የሰባች ፍየል አምጥቶ ጥቁር ሰሌዳው እግር ላይ አስሯል።

ዲሬክተሩ ከኋላዬ ደርሰው ዓይናቸውን አሹ።

"ድክመቴን ማን ወሰደው?" አሉ።

ለማፍረስ ጊዜ አልነበረም። ተቆጣጣሪው በዚያ ሙቀት ከነከረባታቸው ከታክሲ ወረዱ። ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ጥላው ሥር ገብተው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ "እሰይ!" አሉ። እኔም እውነቱን ሳልውል ሳላድር ለመናገር ቆረጥኩ።

"ጌታዬ፣ ይኸ ወንበር የኛ አይደለም።"

"የናንተማ ካልሆነ የማን ይሆናል!" ብለው ሳቁ። "ቤት ለእንግዳ ማለትህ ነው።"

"አይደለም ጌታዬ፣ በእውነት ምንም የለንም።"

"ባለቤት ሁልጊዜ ምንም የለም ይላል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ይሞላል። እናቴም እንዲህ ናት።"

በዚህ መሐል ከባሕር ነፋስ መጣና የማራገቢያው ክንፍ በራሱ መዞር ጀመረ።

"መብራትም አስገብታችኋል?"

"የለንም! ነፋሱ ነው የሚያዞረው!"

"እንዲህ ያለ ትሑት መምህር አይቼ አላውቅም፤" አሉ ወደ ዲሬክተሩ ዞረው። ዲሬክተሩ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ተረዳሁ፤ በእኛ አገር ለእንግዳ "ምንም የለንም" ካልክ በኋላ ምንም እንደሌለህ የምታስረዳበት ሌላ ቃል የለም። ድጎማውም ማካፈሉም ዒድ ሄደ አልኩ በልቤ።

ያዳነን የሾፌሩ ጭነት ነው። ተቆጣጣሪው ልጆቹን እያስነበቡ ሳሉ ሾፌሩ ከወደብ እየሮጠ መጣ።

"መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝ! ዱቄቱ ተጭኖ አለቀ፤ ነፋሱም ተነሥቷል፤ ሸራዬን!" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ምሰሶው ላይ ወጣ።

ገመዱን ሲፈታ የሸራው አንድ ጎን ወደቀ፤ ፀሐይ የተቆጣጣሪውን ግራ ጆሮ አገኘቻት። ወንበራቸውን ወደ ቀኝ ሳቡ። ሾፌሩ ቀኙን ፈታ። እሳቸው ወደ መሐል ሲመለሱ መሐሉ ሄደ። ሾፌሩ ሸራውን ጠቅልሎ ተሸክሞ "እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ!" ብሎ ወጣ።

ወዲያው ባለ ምግብ ቤቷ ገባች።

"በሞቴ ይነሡልኝ ጌታዬ። ምሳ ደርሶ ሾፌሮቹ ቆመው እየበሉ ነው። ወንበሩን ከወደዱት እኔ ዘንድ መጥተው ይቀመጡበት፤ ዓሣው ትኩስ ነው።"

ተነሡላት። ማራገቢያውም የሷ ኖሯል፣ ብብቷ ሥር አድርጋ ወሰደችው። ነጋዴው "አህለን፣ አህለን" እያለ በዓረብኛ እየተቀበላቸው ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ከእግራቸው ሥር ጠቀለለ፤ አንድ እግራቸውን አነሡለት፣ ቀጥሎ ሌላኛውን። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ የቀረነው ተቆጣጣሪው፣ ዲሬክተሩ፣ እኔ፣ አሸዋ ላይ የተቀመጡ ልጆች፣ ጥቁር ሰሌዳና ፍየል ነበርን። ፍየሏን ስጦታ ስለሆነች የሚወስዳት አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ከረባታቸውን አላሉ።

"አንተ መምህር፣ እውነትህን ነበር እንዴ?"

"አዎን ጌታዬ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎት ነበር፤ ከፈለጉ እንደገና ላስረዳ..."

"ተው፣ ተው፣ አታስረዳ!" አሉና ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "ይኸን ሁሉ ተሸክሞ የሚመጣ ወላጅ ካላችሁ ዝግጁነቱን አየሁት። ድክመቱማ አናቴ ላይ ይሰማኛል።" ፍየሏን አውሮፕላኑ ስለማያሳፍራት የአፋሩን አባት አስጠርተው፣ አመስግነው መለሱለት፤ እሱም ከብዙ ክርክር በኋላ ተቀበለ።

አሸነፍን። ክፍሉ ተሠራ፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁሉም አዲስና የሚያብረቀርቅ። ልጆቹን በሰልፍ አስገብቼ መርሐ ግብሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። አማርኛውን በሰላም ጨረስን። ሒሳብ ሲደርስ ግን ቆርቆሮው ግሎ ክፍሉ የዳቦ ፎርኖ ሆነ። ጠመኔው እጄ ላይ በላብ ሟሟ። የሾፌሩ ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ዳቦ ሳንሆን እንውጣ?"

ወጣን። ክፍሉ ውስጡ አይቻል እንጂ ውጭ የጣለው ጥላ ሰፊና ጥሩ ነበር። ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ማካፈልን ጀመርኩ፤ ልጆቹ የሰሌዳውን ዓሥራ ሁለት ለሦስት ተካፈሉት። ዲሬክተሩ ድምፃችንን ሰምተው መጡ። ወደ ባዶው ክፍል ራሳቸውን አስገብተው ወዲያው አወጡ፤ መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፍኗል። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አፋተጉ።

"ኮርኒስ የለውም!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ለሚመጣው ዓመት ድክመት አገኘን!"

እኔና ልጆቹ ጥላው ሲያንስ ሰሌዳውን ተሸክመን ወደ ሌላው ጎን ዞርን።