የሰናይት ጆሮ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ እየሄድኩ ዘርዝሬላቸዋለሁ፤ መጠጡን፣ ምላሴን፣ ስንፍናዬን። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ለምን እንደምዘለው ራሴን ስጠይቅ፣ ሞዱሌሽን ምን እንደሆነ ለሽማግሌ ቄስ እንዴት አድርጌ ላስረዳ እላለሁ። ሰበብ አላጣም እኔ። እርስዎ የሚያነቡት ግን አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ያኔ ከጀርባችን ሜዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍና መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ዛሬም በእንቅልፌ ይመጣብኛል። ውጭ አገር የሚመላለስ አጎቴ አንድ ቀን ሲንተሳይዘር ኪቦርድ ይዞልኝ መጣ። በሰፈሩ ያሉት ኦርጋኖች የተሰጣቸውን ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጡት። የእኔው በግራ በኩል በጣት የሚገፉ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ነበሩት። አንደኛው ድምፁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስበዋል። ሁለተኛው፣ የሞዱሌሽኑ ጎማ፣ ድምፁን ያወዛውዘዋል። ምኑን እንደሚያወዛውዝ የሚመርጠው ደግሞ ተጫዋቹ ነው። ጎማው ከድምፁ ጉልበት ጋር ከተያያዘ ድምፁ እየጎላና እየከሰመ ይተነፍሳል። ከቅኝቱ ጋር ከተያያዘ ግን ኖታው ራሱ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። የውዝዋዜውን ፍጥነትም መቀነስ ይቻላል፤ በጣም ከቀነሱት ማንም አያስተውለውም። ይህን ሁሉ ከመሣሪያው ጋር ከመጣው መመሪያ ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ተማርኩት። ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰናይት የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ እኛ ቤት ትመጣና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። እኔ አንቺሆዬን እይዝላታለሁ፣ ጎማውን በትንሹ ስገፋው ድምፁ መተንፈስ ይጀምራል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትገባበታለች። የት ላይ እንደምትገባ አላውቅም ነበር። ዘፈን እየጀመረች አይመስልም፤ ቀድሞም እዚያ የነበረ ነገር ቀስ ብሎ የሚሰማ ይመስላል። ከሰዓት በኋላው በሙሉ እንዲሁ ያልፍ ነበር። ወደድኳት። አልነገርኳትም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም።

በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ትዘፍን ስለነበር የኪነት ኃላፊዎች ሰሟት። አንድ ትልቅ የኪነት ቡድን ወደ ሶሻሊስት አገሮች ሊሄድ ነው፣ ድምፃዊት ትፈለጋለች፣ ሰናይት ትፈተን ተባለ። ፈተናው በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። እናቷ ሰማያዊ ቀሚስ አሰፉላት። ሰናይት እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ አልበላ አላት፤ ከዚህ ሌላ በሕይወቷ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። «ዳኒ፣ አንተ ካጀብከኝ አልፈራም» አለችኝ። እኔ ግን የማስበው የምትሳፈርበትን አውሮፕላን ነበር። የሄደ አይመለስም ይባል ነበር። ቤታችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ እሷን ይዞ ሲሄድ፣ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ።

በድንገት አደረግኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። በድንገት አልነበረም። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ክፍሌን ዘግቼ የሞዱሌሽኑን ጎማ ከቅኝቱ ጋር አያያዝኩት። ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ቀነስኩት። ከዚያ አንድ ኖታ ይዤ ጎማውን በትንሹ ገፋ አደረግኩት። ኖታው ተቀምጦ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ ብሎ ያዘነብላል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ደስም አለኝ። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ማንም አልገፋፋኝም።

አዳራሹ ውስጥ የከሰዓት ፀሐይ ገብቷል፣ አቧራው ብርሃኑ ላይ ይንሳፈፋል። የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳለ ተውኩላት። ዳኞቹ ማስታወሻ መጻፍ አቁመው ቀና አሉ። ያን ጊዜ ጎማውን ገፋሁት። ሰናይት ሰማችው። ጆሮዋ ተራ ጆሮ ቢሆን ኖሮ በራሷ መንገድ ትቀጥል ነበር፤ የእሷ ጆሮ ግን ልክ የሆነውን ሁሉ ይከተላል። ኖታውን ተከትላ ስትደርስበት ኖታው ከዚያ ሄዷል። ስትመለስ እሱም ተመልሷል። ያጠፋኋት በራሷ ጆሮ ነው፤ ይህንን ልብ ይበሉልኝ። ድምፅዋ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ዞረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ኪቦርዱን አላየችም። ቀጥዪ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት።

ከዳኞቹ አንዱ አዛውንት ሙዚቀኛ ነበሩ። ግንባራቸውን ቋጥረው መሣሪያው ያልተቃኘ መሰለኝ አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሳቀ። «ይሄ ማሲንቆ አይደለም እኮ ጋሼ፤ ማሽን ነው፣ ቅኝቱ አይወርድም» አላቸው። ያኔ ሁላችንም እንዲያ ነበርን፤ ከውጭ የመጣ ነገር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር፣ ይሳሳታል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። አዛውንቱ ግን አላመኑም፤ ወደ እኔ ዞረው «ጓድ፣ መሣሪያህ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እግዚአብሔር የመመለሻ በር ከፈተልኝ ማለት ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ጎማውን በአውራ ጣቴ ወደ ቦታው መለስኩትና ያንኑ ኖታ ይዤ አሰማኋቸው። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ኖታ ነበር። «ደህና ነው» አልኩ።

አዛውንቱ አዝነው ሰናይትን አዩዋት። «ልጄ፣ ድምፅ ሰጥቶሻል፤ ጆሮ ግን የለሽም» አሏት።

ወደ ቤት ስንሄድ ሜዳውን አቋርጠን ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። በሰው ፊት አሳፈርኩህ፣ ስንት ቀን ለፍተህብኝ አለችኝ። እኔም ምንም አይደል አልኳት። ምንም አይደል! ይህን አፌን ምን ባደርገው ይሻል ነበር? ከዚያ ቀን በኋላ ሰናይት አልዘፈነችም። እኔ አጽናናኋት፤ ማጽናናቱ ተሳካልኝና አገባኋት። ልጆቻችንን ስታስተኛ ጀርባቸውን መታ መታ ታደርጋለች እንጂ እሹሩሩ አትልም። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሲዘምር ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ከወንዶቹ በኩል ቆሜ አያታለሁ። አይመለሱም የተባሉት ድምፃውያንም ሁሉም ተመለሱ፤ አዲስ ጫማ አድርገው በሰፈራችን ሲያልፉ ሰናይት በር ላይ ቆማ አየቻቸው።

ይህ ባይሆን ኖሮ ልጆቻችሁ አይወለዱም ነበር ሊሉኝ ይችላሉ። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ልጆቼን ለክፉ ሥራዬ ጠበቃ ማቆም ግን ሰልችቶኛል።

ባለፈው ወር ልጃችን ሄለን ልታገባ ስትዘጋጅ እናቷን፣ በሠርጌ አንድ ዘፈን ዝፈኚልኝ ብላ ለመነቻት። ሰናይት ሳቀች። «እኔ ጆሮ የለኝም ልጄ። ካላመንሽ አባትሽን ጠይቂው፤ እዚያው ነበረ» አለቻት።

ሄለን ወደ እኔ ዞረች። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ደርግ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ የሚያስፈራኝ ማንም የለም። «እውነቷን ነው» አልኩ።

ስለዚህ የድሮ በደል ነው የምናዘዘው ብል እዋሻለሁ፤ ባለፈው ወር የሠራሁት ነው። ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የምትችለው አሁን ከግድግዳው ወዲያ ሆና የሠርጉን ልብስ እየተኮሰች ነው። ፀጥ ብላ ትተኩሳለች፤ ሌላ ሴት ብትሆን ታንጎራጉር ነበር።