ኮምፒውተሩ የመሰከረበት ሙሽራ

ልጆቼ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሰላም ደብረ ብርሃን ቤታችን ተቀምጣ በኮምፒውተር ነው የምትሠራው። ኮምፒውተሩ በኢሜይል የመጣ ነገር ከመክፈቷ በፊት እየጠየቀ ቢያሰለቻት ማስጠንቀቂያውን አጠፋችው። ብዙም ሳይቆይ ቫይረስ ገብቶ ሥራዋን በላባት።

"በር ሲንኳኳ ማነው ሳይባል ይከፈታል?" ብዬ ተቆጣኋት። አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ ማስጠንቀቂያውን መለሰላት።

በሳምንቱ ከጎረቤላ ከተማ ሽማግሌዎች ሰላምን ለአንድ ነጋዴ ሊጠይቁ መጡ። እንደ ወጉ "ዘመድ እንዳይሆን ዘር ይቆጠር" ብዬ ቀጠርኳቸው። ሰውዬው ሰባት ቤት ዘሩን ጽፎ በኢሜይል ላከ። ሰላም ልትከፍተው ስትል ቢጫ ነገር ብቅ አለ።

"ምን አለሽ?"

"'ላኪውን ካላመኑት አይክፈቱ፤ ሊጎዳዎት ይችላል' ይላል፣ እምዬ" አለች አንገቷን ደፍታ።

ያንተ ያለህ! እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የማናገኘውን ጉድ ኮምፒውተሩ ደብዳቤው ሳይከፈት አወቀው! ሽማግሌዎቹን "አይሆንም" ብዬ ሸኘኋቸው።

ወር ሳይሞላ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ያ ጠጋኝ ነው።

"እሱም ዘሩን በኢሜይል ይላክና ይታይ" አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "'በኢሜይል ላክ ይሉሃል' ብንለው እምቢ አለ፣ እሜቴ። 'ኮምፒውተሩ ላኪው ማንም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚለው፤ የእኔንም አይምርም' ብሎ በወረቀት ላከው።"

ዞር ብዬ ሰላምን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች።